ሆግቭሊት ውስጥ ጠበል አገኘሁ ብዬ

ወገኖቼ፣ ሰው በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይዋረዳል? ያውም በመሃሉ አርባ ዓመት ገደማ አልፎ?

እኔ ተዋረድኩ! ሁለተኛው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው፤ ፊቴ ገና አልበረደም።

ያዋረደችኝ የልጅ ልጄ ሊያ ናት። ለትምህርት ቤቷ ስለ ማንግሮቭ ትሠራለች። ከተማ አጠገብ ያለ፣ ሰው እንዳይነካው የተከለለ፣ ዛፎቹ ባሕር ውስጥ ቆመው የሚያድጉበት ጫካ ቪዲዮ በስልኳ አሳየችኝ።

«ኦማ፣ እይው፤ ውሃው ሲመጣ ሥሩ በሙሉ ይጠፋል» አለችኝ። (ኦማ በዚህ አገር አፍ አያቴ ማለት ነው።)

እኔም አፌ አያርፍ! «እንዲህ ያለ ነገርማ እዚሁ ሮተርዳም አጠገብ አለ። እኔና እማማ ዘርፌ ልንሞትበት ነበር» አልኳት።

ቁጭ አድርጋ አስለፈለፈችኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ላይክ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፣ ማለዳ ማለዳ ፐርኒስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን አጸዳለሁ። ሆግቭሊትን ለማታውቁ፦ መስኮት ስትከፍቱ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ልብስ ስታሰጡ የፋብሪካ ሽታ!

ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ሂሩት የምትባል ያገሬ ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ እማማ ዘርፌ ናቸው። ሂሩት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ እሷ ሥራ ስትገባ እሳቸውን የማየው እኔ ነበርኩ።

እማማ ዘርፌ አይበሉም፤ እንቅልፍም የላቸውም። ወንዱ ልጃቸው ዮናስ አገር ቤት ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ሲብስ ደብዳቤው ቀረ። አንድ ዓመት አለፈ። እሳቸውም ከቀን ወደ ቀን ከሱ፤ ካፖርታቸውን ሳለብሳቸው ክንዳቸው እጅጌው ውስጥ ይጠፋብኝ ጀመር።

ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። የሰፈራችን ሐኪም ፓራሲታሞል ሰጣቸው። (እዚህ አገር የኖራችሁ አሁን ሳቃችሁ፣ አይደል?)

አንድ ቀን «ልጄ፣ እኔን የሚሻለኝ ጠበል ነበር» አሉኝ። «እዚህ አገር ደግሞ ውሃው ሁሉ ከቧንቧ ነው።»

ይህቺ ንግግራቸው ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ከሥራ ስመለስ ብስክሌቴን ዳይኩ ላይ አቆምኩ፤ ውሃውን የሚያግደው ረጅሙ የአፈር ግድብ ላይ። ከግድቡ በታች፣ በወንዙ በኩል፣ የአኻያ ጫካ አለ። ታጥሯል። በሩ ላይ «ቬርቦደን» የሚል ሰሌዳ ቆሟል።

ክልክል ነው ማለት ነው። አላወቅሁም አልልም! እዚህ አገር የመጣ ሰው ከሰላምታ በፊት የሚማረው ቃል እሱ ነው።

ግን ሽንቴ መጥቶብኝ ነበር። (ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሊያም ዘልዬዋለሁ።)

አጥሩን ተሻግሬ ገባሁ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የፋብሪካው ድምፅ ጠፋ። የመኪናውም ጠፋ። ዛፎቹ በሙሉ አናታቸው ተቆርጧል፤ በሰው ቁመት ላይ ግንዱ ያብጥና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ብቻ ሽቅብ ይወጣል። ሰልፍ ይዘው የቆሙ ይመስላሉ። መሃላቸው አንድ ቦይ አለ፣ ውሃ የሌለው፣ ጭቃ ብቻ።

ጉዳዬን ጨረስኩና ጉቶ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን አወጣሁ።

ጭቃው መተንፈስ ጀመረ።

እውነቴን ነው! ትንንሽ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከዚያ ዝናብ ሳይኖር፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ኮሽታ እንኳ ሳያሰማ ውሃ መጣ። ከወንዙ ወደ ጫካው፣ ሽቅብ! እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ባሕር የሚባለው ነገር በቀን ሁለት ጊዜ መጥቶ የወንዙን አፍ ሞልቶ እንደሚመለስ የነገረኝ ሰው የለም።

ተንበረከክሁ። በሁለት እጄ እያፈስኩ ጠጣሁት!

ሦስት ቀን ሆዴ አጣደፈኝ። ኃጢአቴ እየወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ተመልሼ ሄጄ ሳይ ቦዩ ደርቋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ እሑድ እሑድ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። ከጸሎት በኋላ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ሞቅ አለኝ። «ብርሃንም አየሁ» አልኩ። አንዷ እልል ስትልማ የባሰ ሞቀኝ።

«ደወልም ሰማሁ» አልኩ።

ደወል! ከየት አመጣሁት? እኔንጃ። ብቻ ከአፌ ወጣ።

እማማ ዘርፌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ውሃው መጥቶ ቀረ ወይስ ተመለሰ?» አሉኝ።

«ተመልሷል እማማ፣ ተአምር ነው!»

«ዛፎቹስ? ውሃ ውስጥ ናቸው?»

«አዎ፣ ውስጡ ናቸው።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ «ቅዳሜ ውሰጂኝ» አሉ። ሂሩት እናቷ አንድ ነገር ሲፈልጉ ከስንት ጊዜ በኋላ ማየቷ ነው፤ እንባዋ መጣ። እኔና እማማ ቀድመን እንድንገባ፣ ሌላው ሰው ጀሪካን ይዞ ረፋዱ ላይ ዳይኩ ጋ እንዲጠብቀን ተስማማን።

ቅዳሜ ጭጋግ ነበር።

ጭጋግ ስላችሁ ዝም ብሎ ጭጋግ እንዳይመስላችሁ! ዳይኩ ላይ ቆመን ጫካው አይታይም። እማማ ክንዴን ይዘው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምንም ሳይቀምሱ በጾም ነው የመጡት። በአጥሩ ክፍት ቦታ አሳለፍኳቸው። ሰሌዳውን አይተው «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ስለ ውሻ ነው» አልኳቸው።

የተቆረጠ ቅርንጫፍ ታስሮ ተከምሮ ነበር። እላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። «እዚህ ይጠብቁኝ፣ ቀድቼ መጣሁ» ብዬ ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ።

ቦዩ ባዶ ነው። ውሃው ገና ታች ነው። ትንሽ ወረድኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ሳላውቀው ራቅሁ። የወንዙን ጠርዝ አግኝቼ ግማሽ ጀሪካን እንደቀዳሁ ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ጎትቼ ሳወጣው እግሬ ብቻ ወጣ፤ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

ዞር አልኩ። የመጣሁበት ዱካ በውሃ ተሞልቷል።

ደግሜ ሳይ ዱካው የለም።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደርሷል፤ ድምፅ የለውም። ዛፎቹን አየሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። በየትኛው በኩል ነው የመጣሁት? በዚህ? በዚያ? ዐሥር እርምጃ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ዞርኩ፣ እንደገና እዚያው ዛፍ ጋ መጣሁ። ወይም ሌላ ዛፍ ነው። እኔንጃ!

«እማማ!» አልኩ።

መልስ የለም።

የሰው እናት አምጥቼ ሜዳ ላይ ጥዬ! የሰባ ዓመት ሴት፣ ያልበሉ፣ አቅም የሌላቸው። ለሂሩት ምን እላታለሁ? «እናትሽን ለተአምር ወስጄ አጠፋኋቸው» እላታለሁ?

ያኔ ደወሉ ደወለ።

ቶሎ ቶሎ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ከዚያ ጸጥ። ቆየት ብሎ ደግሞ እንደገና። ከጭጋጉ ውስጥ። ከየት በኩል እንደሆነ አይለይም።

ስሙኝማ፣ ያን ደወል የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ሳሎን ውስጥ፣ ሰው እልል ስላለልኝ! ውሸታችሁ ተነሥቶ በእውነት ሲጠራችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። አንዱን ግንድ አቅፌ ቆምኩ።

ጫማዬ በአጠገቤ አለፈ። ሽቅብ፣ ወደ ጫካው፣ ሳይቸኩል።

ከዚያ ድምፅ ሰማሁ።

«ዮናስ!... ዮናስ!»

ለቅሶ አይደለም። እናት ከውጭ የሚጫወት ልጇን ለምሳ ስትጠራ ያለው ድምፅ ነው። ይጠሩታል፣ ዝም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ደግመው ይጠሩታል። ወይ እሳቸው አብደዋል፣ ወይ እኔ ሞቻለሁ አልኩ።

«እማማ! እኔ ነኝ! የሺ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ድምፃቸው መጣ፣ ጥርት ብሎ።

«የሺ፣ ባለሽበት ቁሚ። አትሩጪ። ጭቃውን አትርገጪ፣ ሥሩን እርገጪ። ሥር ያለበት አይሰምጥም።»

«አይታየኝም እማማ!»

«በእግርሽ ፈልጊው። ወደ ድምፄ ነይ።»

በባዶ እግሬ ዳሰስኩ። እውነት ነው፤ ሥሩ ጠንካራ ነው። ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ ዛፍ፣ ውሃው ጉልበቴ ላይ፣ እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እያለቀስኩ ሄድኩ። ጀሪካኑን ግን አልለቀቅሁም። (አትጠይቁኝ!)

አገኘኋቸው። ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ላይ ቆመዋል። እግራቸው ደረቅ ነው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ያስቀመጥኳቸው የቅርንጫፍ ክምር ውሃ ውስጥ ነው።

«ጭቃው አረፋ ሲያወጣ አይቼ ተነሣሁ» አሉ። «ባሕሩ ሲመጣ እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«የምን ባሕር?»

ሳቁ። እማማ ዘርፌ ሲስቁ የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«ልጄ፣ እኔ ምጽዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ የወደብ ሠራተኛ ነበር። እዚያም እንዲህ ያለ ዛፍ አለ፣ ባሕር ውስጥ የቆመ። ግመሉ እስከ ሆዱ ገብቶ ቅጠሉን ይበላል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። አሁን ቁጭ በይ፤ ከቀትር በኋላ ይሄዳል።»

እንዴት እንደሚሰማችሁ ገምቱ! እሳቸውን የማውቃቸው ጎንደሬ ብዬ ነው፤ ምጽዋን አንድ ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም። እኔ ሳሎን ሙሉ ሰው ፊት ስለ ተአምር ስሰብክ፣ እሳቸው ጥግ ተቀምጠው ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ለምን ዝም አሉኝ?» አልኩ።

«በሰው ፊት ላዋርድሽ?» አሉ። ቀጠሉና «ደግሞ ማየት ፈልጌ ነው። ዮናስ ልጅ ሆኖ እነዚያ ዛፎች ውስጥ እየገባ ይጫወት ነበር። ውሃው ሲመጣ ይጠፋበታል። እኔ ዳር ቆሜ እጠራዋለሁ፣ እሱ ድምፄን ተከትሎ ይወጣል። ሁልጊዜ ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ቆሜ ልጥራው ብዬ ነው» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ። በረዶ ነበር።

ደወሉ እንደገና ደወለ።

«ይኸው የነገርሽን ደወል» አሉ።

ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። «እማማ፣ ይማሩኝ! ደወሉ ውሸቴን ነው። ብርሃኑም ውሸቴን ነው። ምንም አልሰማሁም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ይሄ የሚደውለው ማነው?»

ወደ ጭጋጉ ዞሩና፣ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ዮናስ» አሉ።

ደወለ።



ብዙም ሳይቆይ ከጭጋጉ ውስጥ ጀልባ ወጣ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ሆላንዳዊ በረጅም እንጨት እየገፋ መጣ። የጫካው ጠባቂ ነው። ስም ሲጠራ ሰምቶ፣ ሕፃን ጠፍቶ ነው ብሎ ነው የመጣው።

ተቆጣ! ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ጭቃው። እየተቆጣ ጀልባው ላይ አወጣን። ከዚያ ጀሪካኔን አየና «ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለመጠጣት» አልኩ።

ቁጣውን ተወው። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ሴትዮ፣ ወንዙ ከየፋብሪካው ደጅ ያመጣው መርዝ ሁሉ እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይህን ለከብት እንኳ አንሰጥም» አለና ጀሪካኑን ደፋው። እኔ የጠጣሁትን አስቤ ሆዴን ያዝኩ።

በሰባራ የደች ቋንቋዬ ስለ ደወሉ ጠየቅሁት።

«መርከብ ነዋ» አለ። «በጭጋግ የቆመ መርከብ ሌላ መርከብ እንዳይገጨው ይደውላል።»

እማማ ደች አይሰሙም። ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ስለ ደወሉ ምን አለሽ?»

ፊታቸውን አየሁ። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ተከፍቷል። አንድ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነው። ውሸቴን የተናዘዝኩት ገና አሁን ነው፤ ንስሐዬ እንኳ አልደረቀም።

«አላውቅም አለ እማማ» አልኩ። «እኔ ምንም አልሰማሁም ነው የሚለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጀልባው ዳይኩ ሥር አወረደን። ላይ ደግሞ ማን አለ? ሁሉም! የሳሎኑ ሰው በሙሉ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጀሪካን ይዞ፣ ሂሩት ከፊት። አንዱማ አጥሩን መሻገር ጀምሯል።

ዝም ብል ይወርዳሉ። ይቀዳሉ። ለልጆቻቸው ያጠጣሉ።

አንድ እግሬ ባዶ፣ እስከ ወገቤ ጭቃ፣ ቆሜ ተናገርኩ። ጠበል አይደለም አልኩ። ባሕር ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ውሃው መርዝ ነው፣ እንዳትነኩት አልኩ።

«ብርሃኑስ?» አለች ያቺ እልል ያለችው።

«ውሸት ነው።»

«ደወሉስ?»

አፌን ልከፍት ስል እማማ ቀደሙኝ።

«ደወሉስ ደውሏል» አሉ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ባዶ ጀሪካኖቹ አውቶቡስ ውስጥ እየተንኳኩ ወደ ቤት ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ስሜ «የሺ ጠበል» ሆነ። ልደት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ እንኳ! «የሺ ጠበል መጣች፣ ውሃ ደብቁ» ይሉኝ ነበር።

ግን ያን ዕለት ከሰዓት ሂሩት በሬን አንኳኳች። ስታለቅስ ነበር። «እናቴ በላች» አለችኝ። «ጨርሳ በላች። አሁን ተኝታለች።»

ዮናስ አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣም። እማማ ዘርፌ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ጭጋግ በወረደ ቁጥር መስኮት ከፍተው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። እኔም በልቤ «ይህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» እል ነበር። በሕይወቴ ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ እሱ ብቻ ነው ጥሩው ብዬ፣ አርባ ዓመት ያህል በድብቅ ስኮራበት ኖርኩ።

እሺ፣ አሁን የሊያን ጥያቄ ስሙ።

«ኦማ፣ እሷ ግን ምጽዋ—»

«እሳቸው በይ!»

«ኦኬ፣ እሳቸው ምጽዋ ወደብ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች አላልሽም?»

«አዎ።»

«ባሏም ወደብ ላይ ነበር የሚሠራው?»

«አዎ።»

«ታዲያ የመርከብ ደወል አታውቅም?»



አርባ ዓመት! ባሕሩን ያወቁ ሴትዮ፣ ጭቃውን ያወቁ፣ ሥሩን ያወቁ፣ መርከቡን ላያውቁ! እኔ እሳቸውን ያታለልኩ መስሎኝ ስኖር፣ ለካ እሳቸው ናቸው እንዳታለልኳቸው እንዳምን የተዉኝ። ሁለተኛ ጊዜ! በሰው ፊት ላዋርድሽ ወይ ያሉት ሴትዮ፣ ከሰው ጀርባም አላዋረዱኝም።

እና እየሳቅሁ ነው የማለቅሰው፣ ወይም እያለቀስኩ ነው የምስቀው፣ አልለየሁትም። እማማዬ፣ ናፍቀውኛል።

ሊያ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ውጭ ጭጋግ ወርዷል፤ ማዶ ያለው ፎቅ አይታይም። መስኮቱን ከፍቼ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። አንድ ጊዜ «ዮናስ» ብዬም ጠራሁ፣ እንዲያው ለመሞከር። ጎረቤት ሰምቶ ከሆነ ነገ መልስ የለኝም።

አሁን ከወደቡ በኩል የሆነ ነገር ደወለ።

መርከብ ነው። መርከብ ነው፣ አይደል?